ግንቡን ያስቀረብኝ ጫማ

ባለፈው ሳምንት ሚስማር ልገዛ ሰቆጣ ገበያ ዳር ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከጀርባው አንድ የቻይና ካሌንደር ሰቅሏል፤ ከዕቃው ጋር መጥቶለት ይሆናል። ሥዕሉ ክብ ቤት ነው፤ ሦስት ድርብ ሰማያዊ ክዳን፣ ከአናቱ ወርቃማ ጉልላት። ዓይኔ እዚያ ላይ መቅረቱን አይቶ ሚስማሩን እየመዘነ፣

«ጋሼ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን የት ያለ ነው? ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል» አለኝ።

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም!»

ድምፄ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ ሳይወጣ አልቀረም፤ ልጁ ሚዛኑን ትቶ አየኝ። ምን ላድርግ? ያችን ቃል ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት ቤጂንግ ላይ፣ እዚያው ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ አሥር ጊዜ ተናግሬአታለሁ። አንድም ጊዜ ሰሚ አላገኘሁም።

ሚሌኒየሙን ልናከብር አንድ ዓመት ሲቀረን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ አፈርና ውሃ ጥበቃ ነው፤ ይኸውም ገመድና ውሃ ልክ ይዞ ከተራራ ተራራ እየዞሩ የእርከን መስመር ማውጣት ማለት ነው። ለልምድ ልውውጥ ወደ ቻይና የሚሄዱ ሁለት ሰዎች ከእኛ አካባቢ ሲፈለጉ፣ አንዱ የተማረ፣ ሌላው ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ይሁን ተባለ። የተማረው እኔ ሆንኩ። በእጃቸው የሚያውቁት ደግሞ አያ ኪሮስ ሆኑ።

አያ ኪሮስ የጋዝጊብላ ሰው ናቸው፤ ያኔ ስልሳን ተሻግረዋል። የችግኝ ጣቢያ ፎርማን ሆነው ችግኝ ሲያፈሉ ነው የኖሩት። ያፈሉትን ፍየል ይበላባቸዋል፣ የተረፈውን ፀሐይ ይፈጅባቸዋል፤ እሳቸው በማግስቱ ቁጭ ብለው በፕላስቲክ ከረጢት አፈር ሲሞሉ ይገኛሉ። አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ሰውን ማክበርና ከሰው ጋር መንገድ መሄድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቅሁት በዚያ ጉዞ ነው።

ከአባቴ ጋር ባልንጀሮች ነበሩ። በአንድ ተራራ ላይ አባቴ ካብ ሲክብ እሳቸው ከካቡ ሥር ይተክሉ ነበር። አባቴ ዕድሜውን በእህል ለሥራ፣ በስንዴና በዘይት፣ ድንጋይ ሲያነሣ የኖረ ሰው ነው። በዚያ ዓመት ግን እግሮቹ ከድተውት አልጋ ላይ ውሏል። ቻይና ልሄድ ነው ስለው ስለ አውሮፕላኑም ስለ ምግቡም አልጠየቀኝም።

«ያን ረጅሙን ግንብ ታየዋለህ?» አለኝ።

«አዎ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ በፕሮግራሙ አለ።»

«እንግዲያው ደህና አድርገህ እይልኝ። ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ ነው ወይስ ቀጥ ብሎ? ድንጋዩ ደረቅ ካብ ነው ወይስ ጭቃ አለው? ዳገቱ ላይ እንዴት እንዳስያዙት ወርደህ ከጎኑ እይ። እንግዳ በሚቆምበት ቆመህ እንዳትመጣ።»

አባቴ እኔን ይሄን አድርግልኝ ብሎ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አየዋለሁ ብዬ ማልኩለት።

ቤጂንግ የገባን ማክሰኞ ማታ ነው። ሥልጠናው ሌላ ክፍለ ሀገር ስለሆነ ከተማዋን ለማየት የተሰጠን ረቡዕና ሐሙስ ብቻ ነበር። ከየአገሩ የመጣን አሥራ ሁለት ሰዎች ነን። አስጎብኚያችን ሊን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ከፍ አድርጋ ትቀድመናለች፣ በየአደባባዩ ቆማ ትቆጥረናለች። ሁልጊዜ አሥራ አንድ እንሆናለን። አሥራ ሁለተኛው የት እንዳለ ሁሉም ስለሚያውቅ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፤ እኔም ልፈልጋቸው እመለሳለሁ።

አያ ኪሮስ ሰው ሳይሰናበቱ አያልፉም፣ ሳይጠይቁም አያልፉም። መንገድ ጠራጊውን፣ ስኳር ድንች የሚጠብሰውን ሰውዬ፣ ዘበኛውን፣ ሁሉንም ቆመው ደህና አደራችሁ ይላሉ። እሱስ ይሁን፤ በእኛው አገር ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው የሚሏቸው።

«አያ ኪሮስ፣ በአማርኛ እንኳ ቢሆን አንድ ነገር ነው» አልኳቸው።

«አማርኛውም አይገባቸው፣ ኽምጣኛውም አይገባቸው። ታዲያ እኔ በምን ዕዳዬ በሰው ቋንቋ እደክማለሁ?»

ምሳ ላይ ደግሞ ረቡዕ ነውና ጾም ነው። ሊን ለእኛ ብላ ሥጋ የሌለበት ምግብ አዝዛ ነበር፤ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት የተሠራ፣ እንደ አይብ የነጣ ነገር በትልቅ ሳህን መጣ። ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው ብላ አስረዳችን። አያ ኪሮስ ሳህኑን በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት።

«አይብ ነው።»

«አኩሪ አተር ነው ትላለች እኮ።»

«አኩሪ አተር እኔም ዘርቻለሁ። እንዲህ አይነጣም።»

ነጭ ሩዝ ብቻ በልተው ዋሉ። እኔም እሳቸው እያዩኝ ያን ነገር መጉረስ ከበደኝ፤ በሩዝ ዋልኩ። የሰሊጡ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ከሰዓት በኋላ ትልቁን ቤተ መንግሥት አየን ይባላል። እኔ ያየሁት በሮቹን ነው፤ ለምን ቢሉ፣ ወደ ኋላ የምመለሰው በነሱ ነበር። ከተማዋ ላይ የተኛውን ያን ግራጫ ጭጋግ እያዩ አያ ኪሮስ ብቻቸውን ደስ ብሏቸዋል። ጭስ ነው ብላቸው አላመኑም። «ዝናብ ነው የሚያረግዘው፤ የታደሉ ናቸው» ይላሉ።

ይሁን፣ ነገ ግንቡ አለ ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ጠዋት የወሰዱን ወደዚያ ክብ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ ግንቡ ነው። ከአውቶቡስ ወርደን አንድ ሰፊ በር ስናልፍ፣ እንደ ልማዴ ወደ ኋላ ሳይ አያ ኪሮስ የሉም። ጮክ ብዬ ስጠራቸው ከበሩ ብቅ አሉ፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተዋል። ቤቱ ያለበት ግቢ ዳር ዳሩ አይታይም፤ የሚታየው ጥድ ብቻ ነው፣ ግንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ አሮጌ፣ በረድፍ በረድፍ የቆመ ጥድ። ከዛፉ መካከል ያ ክብ ቤት በድንጋይ እርከን ላይ ብቅ ሲል፣ እሳቸው ቆመው ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አልኳቸው፤ የመጀመሪያዋ ይህች ናት።

«ክብ ነው አይደል?»

«ክብ ነው።»

«ጥድ ከቦታል። ከበታቹ ደጀ ሰላም አለው። ያቺን ልጅ ምን ይሠሩበት ነበር በላት እስቲ።»

ጠየቅኋት። ንጉሡ በየዓመቱ እየጾመ መጥቶ አዝመራው እንዲሰምር፣ ዝናብ እንዲወርድ ሰማይን የሚለምንበት ነው አለችኝ። እንዳልተረጉም አሰብኩ፤ ግን አፌን እያዩኝ ነበርና ተረጎምኩ።

«ምህላ ነዋ» አሉ አያ ኪሮስ። «ታዲያ ምን ቀረህ?»

ደረጃውን ወጥተን ከቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ጎብኚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከገመድ ወዲህ ሆኖ ነው የሚያየው። ይህኛው ደግሞ ጭራሽ ማስረጃ ሆናቸው። መቅደስ ውስጥ ማን ይገባል? ደግሞስ እሳቸው ቁርስ በልተዋል፤ ቢፈቀድም አይገቡም። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እሳቸው ከውጭ በኩል ዙሪያውን ይዞራሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

ሊን ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ወደ ምሥራቁ በር ስትመራን እጅጌዬን ጎተት አደረጉኝ። «በገባንበት እንውጣ» አሉ። ሌላ የሚሳለሙት ነገር ያገኙ መስሎኝ፣ «ይሂዱ እንጂ አያ ኪሮስ፣ ጥለውን ይሄዳሉ!» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ደግመው ጎተቱኝ። ደግሜ ገፋኋቸው።

አውቶቡስ ውስጥ ሊን ቆጠረችን። አሥራ ሁለት ሞላን፤ በሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። ግንቡ ከዚህ ወዲያ የእኔ ነው ብዬ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ስል፣ ዓይኔ አጠገቤ ወደ ተዘረጉት እግሮች ወረደ። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ነው።

«አያ ኪሮስ፣ ጫማዎስ?»

«ከበሩ ነዋ፣ ከጥዱ ሥር። ታዲያ ጫማ አድርጌ ልግባልህ?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በገባንበት እንውጣ አላልኩህም? እጅጌህን ስጎትት ምን መስሎህ ነበር?»

የባሰ ተናደድኩ። ሆቴል ስንደርስ ሌላ ጫማ አይጠፋም፣ ግንቡ ላይ በካልሲ ቢወጡም ማንም አያያቸውም፣ ብቻ ዝም ብለው ይቀመጡ አልኳቸው። ከወንበራቸው ተነሥተው በሩ ጋ ቆሙ።

«ጫማው የሰው ነው። ጥዬ አልሄድም።»

«የማን ነው?»

«የአባትህ ነው።»

ወንድሜ ከጅዳ የላከለት ቡናማ ጫማ ነው። ሲደርስ የአባቴ እግሮች ደክመው ነበርና አንድ ቀን እንኳ ሳያደርገው ከነካርቶኑ አልጋው ሥር ተቀምጦ ነበር። እኔም ያየሁት ያኔ አንዴ ስለሆነ በሰው እግር ላይ አላወቅሁትም። ከመነሣታችን በፊት አባቴ አያ ኪሮስን አስጠርቶ፣ «እኔ ግንቡን አልረግጠው፤ ጫማዬ ይርገጥልኝ። ለልጁ እንዳትነግረው፣ ሆዱ ይባባል» ብሎ ሰጥቷቸው ኖሯል።

ሊን ሰዓቷን እያሳየች መጣች። አውቶቡሱ መጠበቅ አይችልም፤ ሌላ ዙር የለም፤ ወይ አሁን እንሂድ፣ ወይ እዚህ ቀርተን በታክሲ ወደ ሆቴል እንመለስ። የሆቴሉን ስም በቻይንኛ የጻፈችበት ወረቀት አዘጋጅታ ነበር። ወረቀቱን ለአያ ኪሮስ ሰጥቼ ልሂድ ብዬ አሰብኩ፤ ይህን አልደብቅም፣ በደንብ አሰብኩ። ግን ሰውየው ወረቀቱን ይዘው ለመንገድ ጠራጊው ሁሉ በኽምጣኛ ደህና ዋልክ እያሉ ሲዞሩ ታየኝ። አባቴንስ ምን እለዋለሁ? ግንብህን አየሁልህ፣ ጫማህንና ጓደኛህን ግን ቤጂንግ ጣልኩልህ ልበለው? ወረድኩ። አውቶቡሱ ያለ እኛ ሄደ።

የገባንበትና የወጣንበት በር የሚራራቁ ናቸው፤ ያ ግቢ ደግሞ ሰቆጣን የሚውጥ ነው። ሳላናግራቸው ከፊት ከፊት ሄድኩ። እሳቸው በካልሲያቸው ድንጋዩን እየረገጡ ይከተሉኛል። አንድ ሽማግሌ ረጅም ብሩሽ በውሃ እየነከረ መሬቱ ላይ ፊደል ይጽፋል፤ የመጨረሻውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ደርቆ ጠፍቷል። አያ ኪሮስ እሱን ለማየት ቆሙ። ከዚያ ጥዱን ለማየት ቆሙ። ቅጠሉን ቀንጥሰው አሽተው አሸተቱት፤ የወደቀውን ፍሬ አንሥተው በጥፍራቸው ፈልቅቀው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ በዚያ በኩል ያዝልኝ» አሉኝ፤ አንዱን ግንድ አቅፈዋል።

«አያ ኪሮስ፣ አሁን የዛፍ ሰዓት ነው?»

«ስንት ሰው እንደሚያቅፈው ልወቅ ብዬ ነው።»

«አልይዝም» አልኩ። ታላቄን፣ የአባቴን ጓደኛ፣ እንዲያ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ጫማው ካስቀመጡት ቦታ አለ። ወፍ ያለበት የሽቦ ጎጆ የያዘ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ጫማውን ከአፈሩ አንሥቶ ድንጋይ ላይ አሰልፎታል፤ እሱም አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ሲያየን ተነሣ፤ በጣቱ ወደ ጫማው፣ ከዚያ ወደ አያ ኪሮስ ካልሲ አመለከተና ሳቀ። ባለቤቱ እስኪመጣ ሲጠብቅ መቆየቱ ገባን። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ይከብደኛል። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ነሥተው፣ እንደገና እጅ ነሥተው፣ አንዱ በኽምጣኛ፣ አንዱ በቻይንኛ ስለ ቤተሰብም ስለ ከብትም ተጠያየቁ፤ ቢያንስ የእኛው ስለ ከብት ጠይቀዋል። አያ ኪሮስ ከኪሳቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው ዘገኑለት። ወፉም ደረሰው። እኔ አሁንም በታክሲ እንደርስ ይሆን እያልኩ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ፀሐይዋ ጭጋጉ ውስጥ ትወርዳለች።

ለመሄድ ስንነሣ አያ ኪሮስ አጠገቡ ያለውን ጥድ አቅፈው ሰውየውን በዓይናቸው ጠሩት። እሱ ምንም ትርጉም አላስፈለገውም። ጎጆውን መሬት አስቀምጦ ከወዲያኛው በኩል አቀፈው። ጣቶቻቸው በሁለቱም በኩል ሊነካኩ ጥቂት ቀራቸው፤ ጉንጫቸውን ልጡ ላይ ለጥፈው፣ ተንጠራርተው ተነካኩ።

«ሁለት ሰው» አሉ አያ ኪሮስ።

እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ግንቡ ቀርቷል።

ከሥልጠናው ስንመለስ ቤጂንግን ያየነው በአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ብቻ ነው። ከኮረም ወደ ሰቆጣ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ አቧራ እየዋጥኩ፣ ለአባቴ የምነግረውን ውሸት አዘጋጀሁ። ከሥሩ ሰፊ ነው እለዋለሁ፤ ዳገቱ ላይ እንደኛው ደረጃ እየሠራ ነው የሚወጣው እለዋለሁ። እርከን የማውቅ ሰው ግንብ መዋሸት አያቅተኝም።

ቤት ስንገባ ሁለታችንም አልጋው አጠገብ ተቀመጥን። አባቴ በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ። ገና፣ «ከሥሩ...» ብዬ ስጀምር አያ ኪሮስ አቋረጡኝ።

«አላየነውም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ የጠላሁበት ደቂቃ የለም። የደከመ ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ከበሩ ጀምሮ፣ ካልሲውን፣ አውቶቡሱን፣ ሽማግሌውን፣ ወፉን። ጫማውን በጋዜጣ ከጠቀለሉበት ፈትተው አልጋው ላይ አኖሩት። አባቴ ተቀብሎ ገለበጠው፤ ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት የደረቀች የጥድ ቅጠል ተሰክታለች። በጣቱ አወጣት።

«ጥዱ አልተቆረጠም?» አለ።

«አንዱም። ሰው በመካከሉ ይመላለሳል፤ ምሳር የያዘ የለም።»

«ስንት ሰው ያቅፈዋል?»

«ሁለት ሰው።»

አባቴ ቅጠሏን በጣቶቹ መካከል አገላበጣት። ከቤታችን በላይ ያለው ተራራ እሱ የካበው ካብ አለው፤ ዛፍ ግን ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በቀር አልነበረም። እኔ ስለ ግንቡ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጁ ዝም አሰኘኝ፤ ወደ አያ ኪሮስ ዞረ።

«ካብስ እኔም ስክብ ኖሬአለሁ። ጥዱን ንገረኝ» አለ።

እስኪመሽ ነገሩት። አባቴ በቀጣዩ ሰኔ አረፈ። ጫማውን ለአያ ኪሮስ ስጡልኝ ብሎ ነበርና ሰጠናቸው። እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብቻ ያደርጉታል፤ ይኸውም በሩ ላይ ሊያወልቁት።

ያን ካሌንደር ከባለሱቁ ለምኜ ተቀበልኩት። ከሚስማሩ ጋር ሥዕሉን ይዤ አያ ኪሮስ ጋ ሄድኩ፤ አሁን የሚኖሩት ሰቆጣ ልጃቸው ቤት ነው። ሰማንያን አልፈዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቡናማው ጫማ ከበሩ ሥር ተቀምጧል። ካሌንደሩን ወደ ብርሃኑ አድርጌ አሳየኋቸው። ፊታቸው ድረስ አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር።

«ጥዱ የታለ?» አሉኝ።

አየሁ። ክብ ቤት፣ የድንጋይ ደረጃ፣ ሰማይ። አንድ ዛፍ የለበትም።

«ፎቶው ላይ አልገባም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑን አሳየ? በል አንተ ንገረኝ፤ እኔ እየረሳሁት ነው።»

ይህን ሰውዬ አንድ ነገር ሰጥቶ ማስደሰት አይቻልም ብዬ ልናደድ ስል፣ የምነግራቸው ነገር እንደሌለኝ ታወቀኝ። ቅጠሉን አላሸተትኩትም፤ ልጡ ሻካራ ይሁን ለስላሳ አላውቅም፤ ያን ከሰዓት ሙሉ ያየሁት ሰዓቴን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ግንቡን አስቀሩብኝ እያልኩ ስከሳቸው ኖሬአለሁ። ግንቡን እሳቸው አስቀሩብኝ፤ እሱ እውነት ነው። ጥዱን ግን ማንም አላስቀረብኝም።

«ሁለት ሰው ያቅፈዋል» አልኳቸው በመጨረሻ።

«እሱንማ እኔ ነኝ የነገርኩህ» አሉና ሳቁ።

ሚስማሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ካሌንደሩን ከራስጌያቸው መታሁላቸው።